ደራሲው ያልጻፈው ፍርሃት

«አንድ ደራሲ ነበረ» ብለው ጀመሩ መምህር ወርቅአገኘሁ። የቀድሞ ተማሪያቸው ንጋቱ፣ «አባቴ እየደበደበ ነው ያሳደገኝ። ልብ ወለድ ልጽፍ ስቀመጥ ከእሱ ሌላ አይመጣልኝም። ልጻፈው ወይስ ልተወው?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

ደራሲው የወታደር ልጅ ነበረ። አባቱ ከጦር ሜዳ ሲመለስ አካሉ ደህና ነው፤ ጠባዩ ግን ሌላ ሰው ሆኗል። ጀርባውን ለግድግዳ ሳይሰጥ አይቀመጥም። በር ሲንኳኳ ይበረግጋል። ልጁ ከፍ ማለት ሲጀምር ደግሞ ያለ ምክንያት በቀበቶ ይገርፈው ጀመር። እናቱ መሀል ገብታ ብትለምን አይሰማም። ልጁ ጢም ሳያበቅል ከቤት ጠፍቶ ትልቅ ከተማ ገባ፤ ተማረ፤ መጻሕፍትም ጻፈ።

በመጻሕፍቱ ሁሉ አንድ ጨካኝ ሰው አይጠፋም። አንዴ ዳኛ፣ አንዴ የወህኒ አዛዥ፣ አንዴ የእንጀራ አባት ሆኖ ይመጣል፤ እጁ ግን ያው ነው። አንባቢ ሰውየውን ጠላ፤ ደራሲውን ወደደ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትውልድ ከተማው አዳራሽ አዲሱን መጽሐፉን ለሕዝብ ያነብ ነበር። ጨካኙ ሰው ልጁን የሚገርፍበት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ከኋላ አንድ ሽማግሌ ከዘራውን ተደግፎ ተነሣ። አባቱ ነበር። ደራሲው፣ ወይ ይሰድበኛል፣ ወይ ይክዳል ብሎ ጠበቀ።

«ያ ሰውዬ እኔ ነኝ» አለ አባት ለሕዝቡ። «መጻሕፍቱን አስነብቤ ሰምቻለሁ፤ አንድም የዋሸው የለም።» ወደ ልጁ ዞረ። «ግን ያንተ ሰውዬ አይፈራም። እኔ እፈራ ነበር።»

«ማንን?»

«አንተን።»

አባት ከዘራውን ጨብጦ ቀጠለ።

«ጦር ሜዳ መጀመሪያ የገደልሁት ልጅ ነበር። ጠመንጃ የያዘ መስሎኝ ተኮስኩ። ቀርቤ ሳየው ውሃ ሊቀዳ የወጣ ሕፃን ነው። አንተ ቁመትህ እሱን ሲያክል፣ በበሩ በገባህ ቁጥር እሱ የመጣ ይመስለኝ ጀመር። ውጣልኝ እያልሁ የመታሁህ እሱን ነው። ይቅር በለኝ ለማለት አፍ የለኝም።»

መጽሐፉ ከደራሲው እጅ ወደቀ። «ውጣልኝ!» የሚለውን ጩኸት ያውቀዋል፤ በየመጽሐፉ «ከቤቴ ውጣ!» አድርጎ ጽፎታል። የአባቱ ፊት በላብ ተጠምቆ ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥም አይቷል። ያን ፊት ግን አንድም ቀን አልጻፈውም፤ ቢጽፈው ለአባቱ ያዝንለት ነበርና። ከመድረክ ወረደና አባቱ አጠገብ ተቀመጠ። አላቀፈውም።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አንድ መስመር መጻፍ አቃተው። በመጨረሻ ሲጽፍ ከግርፋቱ ምንም አላለዘበም፤ የአባቱን ላብና የሞተውን ልጅ ግን ጨመረበት። አንዳንድ አንባቢ፣ «ማንን እንደምንጠላ አሳጣኸን» ብሎ ተቆጣው።

መምህር ወርቅአገኘሁ ወደ ንጋቱ ዞሩ።

«አንተም እንደዚያ ደራሲ ነህ፣ ልጄ። የደረሰብህ እውነት ነው፤ ጻፈው፣ አንዲት ምት አትቀንስለት። ግን እጁን ብቻ ጽፈህ ሰውየውን ጻፍሁ እንዳትል። ለመሆኑ ሲመታህ ፊቱ ምን ይመስል ነበር?»

«አላውቅም፣ መምህር» አለ ንጋቱ። «ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም።»

«በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ከመጻፍህ በፊት ሄደህ እየው።»