የአያ ቸኮል በርጩማ

አንድ አያ ቸኮል የሚባል ሽማግሌ ነበር። ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ብዋሽ የቀረችኝን ዕድሜ ዛሬውኑ ይውሰዳት!

አያ ቸኮል በመንደሩ በዕድሜ የሚበልጠው አልነበረም። ብቅ ሲል ሰው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ይነሳለታል፤ እሱ ግን እዚያ ታላቅ ስለሌለው ለማንም አይነሳም። ልጆቹማ ባሱ። ምርኩዙን ሊያነሳ ሲል ይቀድሙታል፤ ውሃ ልቅዳ ሲል «ምነው አባባ፣ እኛ ሞተናል?» ይሉታል። ኋላማ ከአልጋ ወደ በርጩማ፣ ከበርጩማ ወደ አልጋ ተሸክመው ያመላልሱት ጀመር። አገሩም «ወልዶ መከበር እንዲህ ነው!» እያለ ቀና። የአያ ቸኮል ባት ግን መንምኖ መንምኖ የጤፍ አገዳ አከለ። ዝንብ ጉልበቱ ላይ ካረፈች «ኧረ እሽ በሏት፣ ልትጥለኝ ነው!» ብሎ ይጮኻል።

አንድ ቀን ታላቅ እህቱ እትዬ ዘርፌ ከተራራው ማዶ ልትጠይቀው መጣች። ውሃዋን ራሷ የምትቀዳ፣ እንጨቷን ራሷ የምትሸከም ሴት ናት። ያመጣችለትን ነጭ ሙክት መንገዱ ቢያደክመው፣ ትከሻዋ ላይ ጭናው ነው ዳገቱን የወጣችው። ደጃፉን ስትረግጥ ቤቱ በሙሉ «ኖር!» ብሎ ተነሳ፤ ውሻው ሳይቀር። አያ ቸኮል ብቻ በርጩማው ላይ ቀረ።

«አንተ ቸኮል! ከመቼ ወዲህ ነው ታላቄ የሆንከው?»

«እግሬ እንቢ አለኝ፣ እትዬ» አለና አንገቱን ደፋ።

«እርጅና ነዋ» አለ የበኩር ልጁ።

«እርጅናማ መጀመሪያ እኔ ቤት ነው የገባው! አስቀምጣችሁ ጨረሳችሁት እንጂ። ለመስቀል እመለሳለሁ። ተነስቶ ካልተቀበለኝ በዚህ ቤት እህል ውሃ አልቀምስም።»

የአያ ቸኮል ሆዱ ባባ። በዚህ ምድር «አንተ» የሚለው ሰው ከእሷ ሌላ አልቀረውም።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ከበርጩማህ ተነስ፣ ተቀመጥ፤ ደግመህ ተነስ። ሲያቅትህ ግድግዳውን ያዝ። የወፍጮውን መጅ አንሳ፣ አስቀምጥ። ሲቀልህ ከባዱን ፈልግ። በማግስቱ እረፍ፤ ባቄላህን ብላ፣ ወተትህን ጠጣ።»

የመጀመሪያ ቀን እስከ እኩሌታ ተነሳና ተመልሶ ዘጭ አለ፤ ድምፁ ወንዝ ማዶ ተሰማ። በማግስቱ ሥጋው ሁሉ ጮኸ። ልጆቹ አፍረው የወፍጮውን ድንጋይ ደበቁበት። «ሰው ምን ይለናል? አባታቸውን ድንጋይ አሸከሙት አይለንም?»

«መጄን አምጡ! ከወደዳችሁኝ አትሸከሙኝ፤ አጠገቤ ቁሙ!»

ቆሙ። ዳዴ የሚል ሕፃን እንደሚጠብቅ ሰው እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። መነሳቱ ሲቀለው የበኩር ልጁ ከበርጩማው እግር አንድ ጣት ያህል በመጋዝ ቆረጠለት። ሲለምደው ደግሞ ቆረጠለት። ክረምቱ ሲወጣ በርጩማው እጅግ ከማጠሩ የተነሳ ጫጩት ሳትዘል ትሻገረው ነበር።

መስቀል ደረሰ። እትዬ ዘርፌ ዘንድሮም ሌላ ሙክት ትከሻዋ ላይ ጭና ከች አለች፤ ግን ዳገቱ ትንፋሿን አሳጥሮታል። አያ ቸኮል ከዚያች አጭር በርጩማ ላይ ብድግ ሲል ቆቡ እንኳ ዘግይቶ ነው የደረሰበት።

«ኖር፣ እትዬ!»

«በእግዜር» አለች።

እሱ ግን አላበቃም። ሄዶ ሙክቱን ከትከሻዋ ተቀበላት።

«አንተ! ወገብህን!»

«ምነው እትዬ፣ እኔ ሞቻለሁ?»

«አሃ! አሁን ደግሞ እኔን አስቀምጠህ ልትጨርሰኝ? በል፣ የኋላ እግሩን ለእኔ ተው!»

እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ይዘው፣ እየተሳሳቁ ሙክቱን ጓሮ አስገቡት። ልጆቹም ለመርዳት እጃቸው እየተቁነጠነጠ፣ እንደምንም ታግሰው አዩ።

ወገኖቼ፣ ጉልበት ከዕድሜ ጋር መቀነሱ አይቀርም፤ ሥራ ሲያጣ ግን ጨርሶ ይሰደዳል። ቀስ አድርገው ከጠሩት፣ ጥቂት ጥቂትም ከጨመሩበት፣ ለሽማግሌም ይመለሳል። እናንተስ ከአባት ከእናታችሁ እጅ፣ በፍቅር ብላችሁ የቀማችሁት ምንድን ነው? ዛሬ መልሱላቸው፤ አጠገባቸውም ቁሙ።

ዕድሜዬን አስይዤ ምዬ የለ? እንግዲያው አንዲት ነገር ልናዘዝ። የመጀመሪያው ሙክት ነጭ አልነበረም፤ ዳልቻ ነበር።