አውራ ዶሮው ፔንግዊን ያየ ዕለት

ተረት ተረት፤ የጫጩት ቤት።

እትዬ ዳክዬ ጫጩቶችን ስለ ፔንግዊን ታስተምር ነበር። ለእያንዳንዳቸው ድንች ሰጥታ፣ «የፔንግዊን አባት እንቁላሉን በረዶ እንዳይነካው እግሩ ላይ አድርጎ ያሞቀዋል። በሉ፣ ሳትጥሉ ተራመዱ!» አለቻቸው። ድንቹ ተንከባለለ፤ ጫጩቶቹም አብረው ተንከባለሉ።

ሚስቱን ሸለምጥማጥ የበላበት አውራ ዶሮ በመስኮት አይቶ፣ «ወንድ እንቁላል ታቅፎ? ጉድ በል ያገሬ ሰው!» ብሎ ሳቀ። ቤቱ ሲገባ ግን ከሚስቱ የቀረው አንድ እንቁላል መቀዝቀዝ ጀምሯል።

በማግስቱ አውራ ዶሮው ሳይጮህ ነጋ፤ መንደሩ ሁሉ ተኝቶ አረፈደ። እትዬ ዳክዬ እየሮጠች መጥታ፣ «ጋሽ አውራ፣ ምነው ዛሬ ድምፅዎ ጠፋ?» ብላ ጮኸች።

«ኧረ ቀስ ይበሉ!» አላት፣ እግሩ ላይ ወዳለው እንቁላል እያየ። «ልጅ ተኝቷል።»

ተረቴን መልሱ፤ ድምፃችሁን ቀንሱ።