ፀሐይን ያከራየው ዝንጀሮ

በድሮ ዘመን፣ ገደል ሲጠሩት "አቤት!" በሚልበት ዘመን፣ ፀሐይ ከቀትር በፊት የማትደርስበት ሸለቆ ነበር። ጧት ፀሐይ ከምታርፍበት ከማዶው ተዳፋት አንድ ዝንጀሮ ይኖራል፤ ሆዳም፣ ኩሩ፣ አፈ ጮሌ። ከወዲህ በጥላው አንጓች የምትባል ልጅ ነበረች፤ ድሃ፣ ዝምተኛ፣ ነገርን ሳትሞክር የማታምን። አንተ፣ አታንቀላፋ! ገና መጀመሬ ነው።

የአንጓች እናት ሸክላ ሠሪ ናት። በዚያ ብርድ ሸክላው አይደርቅላትም። ሳይደርቅ እሳት ከገባ ደግሞ ዷ! ብሎ ይፈነዳል።

አንድ ቀን ዝንጀሮው ከነጋዴ ጭነት የወደቀ መስተዋት አገኘ። በዚያ አገር መስተዋት ያየ የለም። ጧት ማዶ ተቀምጦ ቢያዘነብለው ብርሃን ገደሉን ተሻግሮ ከሰዉ ደጃፍ ላይ ፈሰሰ። ሰዉ እጁን ዘርግቶ በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ተራመደ፤ በሕልሙ የሚሄድ መስሎት።

"ፀሐይን ያሰርኳት እኔ ነኝ!" አለ ዝንጀሮ። "አንድ ቁና ባቄላ ላመጣ እለቅለታለሁ!"

እናት አንድ ቁና ሰጠች። ሁለተኛም ሰጠች። ለሦስተኛው የቀረው የዘር ባቄላ ብቻ ነው።

"እማዬ፣ የዘሩን ከሰጠሽው ምን እንዘራለን?"

"ምን ላድርግ ልጄ! ሸክላው ካልደረቀ ምን ይዤ ገበያ እወጣለሁ?" አለችና አለቀሰች።

አንጓች እንስራዋን አንስታ ወደ ምንጭ ወረደች። በቀትር ውሃ ቀድታ ስትገባ ከእንስራዋ አፍ ብርሃን ዘሎ ጣሪያው ላይ ተንቀጠቀጠ። "ኧረ! ውሃም ፀሐይ ያስራል እንዴ?"

የናስ ሳህን አንስታ በአመድ ፈተገችው። ጥላ ውስጥ ያዘችው፤ ምንም የለም። ፀሐይ ላይ ያዘችው፤ ግድግዳው ላይ ብርሃን በራ። ሳህኑን አዘነበለችው፤ ብርሃኑም ሄደ። ባቄላ አንስታ ግድግዳው ላይ በሰያፍ ወረወረች። ከቀኝ የመጣችው ባቄላ ወደ ግራ ነጥራ ሄደች። "ለካ ብርሃንም ይነጥራል!" አለች። ከደስታዋ ብዛት እስኪመሽ ሳቀች።

በማግስቱ ጧት ሳህኗን ይዛ ማዶ ወጣች። ብርሃኑን አንጥራ በእናቷ እርጥብ ሸክላ ላይ አሳረፈችው። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ አየ።

ዝንጀሮው ተቆጣ። "እኔ ስለፈታኋት ነው የበራልሽ!"

"እንግዲያውስ ጌታዬ፣" አለች አንጓች፣ "እስቲ እዚያ ዋርካ ጥላ ሥር ገብተው ይልቀቋት።"

ኩሩ አይደል? ገባ። መስተዋቱን ወዘወዘ፤ ጨለማ። ዳግመኛ ወዘወዘ፤ ጨለማ። ሦስተኛ ቢወዘውዝ የገዛ ፊቱን አየ፤ አፉን ከፍቶ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ ገደሉም አብሮ ሳቀ። ዝንጀሮው መስተዋቱን ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ።

የዘሩ ባቄላ ተዘራ። ዝንጀሮም ይኸው እስከ ዛሬ፣ ጧት ጧት እንደማንም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል፤ በነፃ።

ልጆቼ፣ "ፀሐይ የኔ ናት" ያላችሁን ሁሉ ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ጠይቁት። እኔ ነገርኳችሁ፤ እናንተ ደግሞ ነገ ሳህን ፈትጉና ሞክሩት፤ እኔንም ቢሆን ዝም ብላችሁ አትመኑኝ።