አህያና አርባ አንዱ ተከታዮቹ

አንድ ጊዜ፣ ጅብ ገና ቀጥ ያለ ወገብ በነበረው ዘመን፣ ጀርባው የተላጠ አንድ አህያ ነበር። አሥራ ሁለት ገበያ ጨው ሲያመላልስ ኖሮ ቢቆስልበት ጌታው «ሂድ እንግዲህ፣ ፈጣሪ ይሁንህ» ብሎ ሜዳ ላይ ለቀቀው። ፈጣሪ ምን እንዳሰበለት አላውቅም። ጅብ ያሰበለትን ግን አገር ያውቃል።

አህያው አንድ ነገር አስተዋለ። ብቻውን ሲግጥ የጅብ ሽታ እየቀረበ ይመጣል፤ ሌሎች እንስሳት አጠገቡ ሲኖሩ ደግሞ ሽታው ይርቃል። «እንግዲያው እኔን በሕይወት የሚያቆየኝ ሳር አይደለም፣ ጉባኤ ነው!» አለ። ግን የተላጠ አህያ ምን አለኝ ብሎ ጉባኤ ይጠራል? ቀንድ የለው፣ ዘመድ የለው። ያለው ወሬ ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ገበያ የዞረ ጆሮ፣ ያውም የአህያ ጆሮ፣ ያልሰማው ምን ነገር አለ?

ስለዚህ ከአንድ ግራር ሥር ቆመና በየቀኑ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ያወራ ጀመር። ከተሜዎች ይህን ነገር ብሎግ ይሉታል አሉ። እነሱ በጣታቸው ይጽፉታል፣ የኛ አህያ በጉሮሮው ያናፋው ነበር፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ድምፁማ አይነሳ! አንዴ ቢያናፋ ሰባት ኮረብታ ይሻገራል። ስምንተኛው ላይ የነበረች ዶሮ ከድንጋጤዋ የተነሳ እንቁላሏን የተቀቀለ ጣለች ይባላል። እኔ አልቀመስኩም።

የጉባኤው ደንብ እንዲህ ነበር። ቦኖ ላይ ውሃ ሲጠፋ ሰው በወረፋው ቦታ ድንጋይ አስቀምጦ ወደ ቤቱ አይሄድም? ልክ እንደዚያ ነው። «ወሬህን ሁልጊዜ መስማት እፈልጋለሁ» ያለ እንስሳ ድንጋይ አንከባሎ አምጥቶ ግራሩ ሥር ያስቀምጣል። ድንጋዩ መቀመጫውም ነው፣ ቃሉም ነው። በወሩ ድንጋዩ አርባ ደረሰ። አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ አህያው ሲቆጥር አርባ አንድ ሆነው አገኛቸው። አርባ አንደኛዋ ከዳር የተቀመጠች ጎበጥ ያለች ድንጋይ ናት። ማን እንዳመጣት አላወቀም።

«ስሙን ደብቆ የሚከተለኝም አለ ማለት ነው!» ብሎ ጆሮውን አቆመ።

መጀመሪያ ላይ ጉባኤው ደማቅ ነበር። ፍየል ትመጣለች፣ ዝንጀሮ ከነቤተ ዘመዱ ይመጣል፣ ጃርት እያጉረመረመ ይመጣል፣ ጅግሮችም ሌላው ስለመጣ ይመጣሉ። አህያው የትኛው ቅጠል የት እንደለመለመ፣ ነብር ምን ጉድ እንደሠራ፣ ከዚህም ከዚያም ቀላቅሎ ያወራላቸዋል።

አንድ ቀን ታዲያ አያ ጅቦ ራሱ ድንጋይ ሳያመጣ ከች አለ። ሁሉም ክው አሉ። እሱ ግን በጉባኤ መሃል እንደሱ ያለ ጨዋ የለም፤ ጅራቱን ሰብስቦ ከፊት ተቀመጠ። አህያው ሁለት ቃል ሳይናገር፣

«አቤት አነጋገር!» አለ ጅብ። «ከአፍህ ማር ይፈሳል፣ ጋሼ! ቀጥል!»

አህያን ከተወለደ ጀምሮ ጋሼ ያለው ሰው አልነበረም። «ሂድ» ብለውታል፣ «ቁም» ብለውታል፣ በዱላ ጠርተውታል። ጋሼ ሲባል ግን ደረቱን ነፋ።

«ምን ላውራልህ፣ አያ ጅቦ?»

«ይኸ የቅጠል ወሬ፣ ይኸ የነብር ቀልድ ላንተ አይመጥንም። ስለ ራስህ አውራልን። ለምሳሌ ስለ ታፋህ።»

«ስለ ታፋዬ?»

«የሕይወት ታሪክህን ማለቴ ነው። የትልቅ ሰው ታሪክ ከታፋ ይጀምራል።»

በማግስቱ አህያው ስለ ታፋው አወራ። በሦስተኛው ቀን ስለ አንገቱ አወራ። በአራተኛው ቀን የት እንደሚተኛና በየትኛው ጎኑ እንደሚጋደም ተረከ።

«በግራ ጎንህ?» ብሎ ጅብ ብድግ አለ። «ይደገም! ይደገም!»

አህያው ደገመላቸው።

«አያ አህያ፣ የቅጠሉስ ነገር?» አለች ፍየል።

«ነገ።»

ነገ ደግሞ የጎድኑ ቀን ሆነ። ፍየል ሆዷን ይዛ ሄደች። ዝንጀሮ ጥርሱን ሊያገጥ አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ ዋለና፣ ከፍቶ እንዳይቀር ብሎ አዛጋበትና ሄደ። ጃርት እንኳ ተነሳ። «ምን ብዬ ልከራከር? ታፋህን ታፋ አይደለም ልበልህ?» ብሎ እያጉረመረመ ጉድጓዱ ገባ። ጅግሮችም ሌላው ስለሄደ ሄዱ።

ድንጋያቸውን ግን ማንም አላነሳም። ለመጣል እንጂ ለመሸከም ማን ይቸኩላል? አህያው በየማለዳው ተነስቶ ይቆጥራል፤ አርባ አንድ። ደስ ብሎት ይግጣል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እመት ቀበሮ ብቅ አለች።

«አያ አህያ፣ እንደምን አለህ? ስንት ተከታይ አለህ አሁን?»

«አርባ አንድ፣ እሜቴ! አንድ ስንኳ አልጎደለም።»

ቀበሮ ወደ ድንጋዮቹ ሄደችና አንዱን በእግሯ ነካ አደረገችው። «ይኸኛው እንዴት አደረ?»

«እሱ የዝንጀሮ ነው።»

«ዝንጀሮስ?»

አህያው ዞር ብሎ አየ።

«ስማኝ፣ አንተ ጀርባህም ጭንቅላትህም የተላጠ!» አለች ቀበሮ። «ፍየል የምትመጣው ለሆዷ ነው፤ የምትቀምሰው ነገር ካልነገርካት አንተን ምን ታደርግሃለች? ዝንጀሮ የሚመጣው ለመሳቅ ነው። ጃርት የሚመጣው ለመከራከር ነው፤ ትክክል ስትናገር ያመዋል፣ ስትሳሳት ይድናል። ጅግራ የሚመጣው ግርግር ካየ ነው። አያ ጅቦስ ለምን የሚመጣ ይመስልሃል?»

«እሱማ የልብ ወዳጄ ነው! አንድ ቀን አልቀረም። እኔ ሳወራ እሱ ምራቁን ነው የሚውጠው።»

«ምራቁን የሚውጠው ለምንድነው?»

«ከመደነቅ!»

ቀበሮ መሬት ላይ ተንከባለለች። ስቃ ስትጨርስ፣ «ስለ ታፋህ አውራልን ያለህ ፍጡር ሊያገባህ ነው ወይስ ሊበላህ?» አለችው።

አህያው አሰበ። አህያ ሲያስብ ጊዜ ይወስዳል፤ ጥላው ከግራሩ አንድ ወገን ወደ ሌላው ወገን ዞረ። ከዚያ ጆሮው በመጀመሪያ ግራው፣ ቀጥሎ ቀኙ፣ ወደቀ።

«በግራ ጎኔ እንደምተኛ ነግሬዋለሁ!»

«ሁለት ጊዜ ነግረኸዋል። ማዶ ድረስ ተሰምቷል።»

«ለመሆኑ አንቺስ፣ እሜቴ፣ ለምን ታስቢልኛለሽ?»

«አልዋሽህም» አለች ቀበሮ ጢሟን እየጠረገች። «ያንተን ወሬ ወስጄ ማዶ የራሴ አድርጌ አወራዋለሁ። እዚያ ትልቅ ስም አለኝ። አንተ ከተበላህ እኔ ከየት አመጣለሁ?» ይህን ብላ ወደ ማዶዋ ሄደች።

የዚያን ዕለት ጀንበር ልትጠልቅ አንድ ክንድ ሲቀራት አያ ጅቦ መጣ። ዛሬ አልተቀመጠም።

«ዛሬ ሁለታችን ብቻ ነን፣ ጋሼ» አለ።

«እ… እንዴት ሁለታችን? አርባ አንድ ነን እንጂ!»

«ድንጋይ ናቸው።»

«ድንጋይም ቢሆኑ ይመሰክራሉ!»

«ይመስክሩ። እኔ ከታፋው ልጀምር ነው፤ ታሪክህም ከዚያ አይደል የሚጀምረው?»

አህያው ሊሮጥ አሰበ፤ ጅብ ይቀድመዋል። ሊራገጥ አሰበ፤ የአህያ እርግጫ ለኋላ ነው፣ ጅብ ግን ከፊቱ ነው የቆመው። የቀረው ያው ጉሮሮው ብቻ ነበር።

«መልካም፣ ብላኝ» አለ። «ግን የዛሬው ወሬ ገና ሆዴ ውስጥ ነው። ሳልጨርሰው ከበላኸኝ አብሮኝ ሆድህ ይገባል። የአህያ ወሬ ደግሞ ሆድ ውስጥ ዝም አይልም፤ እንዳናፋብህ ያድራል።»

ጅብ ደነገጠ። በሕይወቱ ከሆድ ቁርጠት በቀር የሚፈራው ነገር አልነበረም። «እንግዲያው ቶሎ አውጣው! ሁሉንም አውጣው! ጥርግርግ አድርገህ አውጣው!»

አህያው አንገቱን ቀና አድርጎ ደረቱን ሞላ። ለመጀመሪያ ጊዜም ከማውራቱ በፊት ለማን እንደሚያወራ አሰበ።

«ፍየ-ሊ-ት-ት!» ብሎ አናፋ። «ከወንዙ ማዶ አጥሩ የወደቀ የጎመን ማሳ አለ! ውሻውም ጥርስ የለው! ቦታውን የምናገረው ለደረሰ ብቻ ነው!»

ከኮረብታው ላይ ጠጠር ተንከባለለ።

«ዝንጀሮ ሆይ! ነብር ትናንት ዛፍ ላይ ሆኖ ሲያስነጥስ ቅርንጫፉ ተሰብሮ የት እንደወደቀ ሰምተሃል? የፈረስ ጀርባ ላይ! ፈረሱስ ምን ያደረገ ይመስልሃል?»

ከገደሉ በኩል «ምን አደረገ? ምን አደረገ?» የሚል ሁካታ ተነሳ።

«ሌላም አለኝ!» አለ አህያው፤ አሁን ድምፁ እየጎላ ነው። «የጃርት እሾህ እሾህ አይደለም! የዶሮ ላባ ነው! ለጌጥ ነው!»

ከሰባተኛው ኮረብታ ከርሠ ምድር «ው-ሸ-ት!» የሚል ድምፅ ፈነዳ። ጃርት በሕይወቱ ሮጦ አያውቅም ነበር። ያን ቀን የሮጠው ሩጫ ግን እስከ ዛሬ አቧራው አልተቀመጠም።

ጅግሮችም ግርግር አዩና ተከተሉ።

«ይኸ የሚመጣው አቧራ ምንድነው?» አለ ጅብ።

«ሰሚዎቼ ናቸው።»

«ወሬው አለቀ?»

«አለቀ።»

«እሰይ!» ብሎ ጅብ ወደ ታፋው ዘለለ። ዘለለ እንጂ አልደረሰም፤ ከኋላ ጅራቱን አንድ ነገር ያዘው። ዞሮ ቢያይ፣ ጎበጥ ያለችው አርባ አንደኛዋ ድንጋይ አንገት አውጥታ ነክሳዋለች።

«ኧረ ድንጋይ በላኝ!» ብሎ ጮኸ።

ድንጋይ አይደለችም፣ ኤሊ ናት። ስትሰማ የከረመች፣ አንድ ቀን «በርታ» ያላለች፣ አንድ ቀን «አይ» ያላለች ኤሊ። ብቻ ከቦታዋ አልተነሳችም።

ይሄኔ ጃርት ደረሰና «ላባ ነው? ይኸ ላባ ነው?» እያለ ማስረጃውን ባገኘው ገላ ላይ ሰካው። ያገኘው ገላ የጅብ መቀመጫ ነበር። ዝንጀሮዎች ስልሳ ሆነው ደረሱ፤ እንደ ልማዳቸው ነገሩን ሳይጠይቁ የሚወረወር ነገር ፈለጉ። ምን አገኙ? አርባ ድንጋይ! ተቀማጭ አጥቶ የከረመ ድንጋይ ሁሉ ያን ቀን ሥራ አገኘ። ፍየል በቀንዷ አንድ ጊዜ ጎሸም አደረገችው፣ ለጎመኑ ስለቸኮለች አልደገመችም። ጅብ አርባ ድንጋይ በወገቡ ቆጥሮ ሸሸ። ከዚያን ቀን ወዲህ ነው ወገቡ ወደ ኋላ ዝቅ ብሎ የቀረው። ያላመነ ሄዶ ይለካው፣ እኔ መሥፈሪያውን አውሳለሁ።

ግርግሩ ሲረጋ አህያው ከመንቀጥቀጡ ብዛት ግራሩን ሳይቀር አንቀጥቅጦ አበባው ረግፎበት ነበር።

«ጎመኑ የት ነው?» አለች ፍየል።

ነገራት፤ እውነትም ነበር፤ እየዘለለች ሄደች።

«ፈረሱስ ምን አደረገ?» አሉ ዝንጀሮዎች።

«ነብሩን ጌታው መስሎት ገበያ አደረሰው።» ስልሳው በአንዴ በሳቅ ወደቁ።

«አንተ!» አለ ጃርት ገና እየተነፋ። «እሾሄ ላባ ነው ያልከውን አንሳ!»

«አንስቻለሁ፤ ተሳስቼ ነው። እሾህህ እሾህ ነው።»

ጃርት ዞሮ እሾሁን አየ። «የለም» አለ ቀጥሎ፣ «ሳስበው ላባ ሳይሆን አይቀርም። ነገ መጥቼ አስረዳሃለሁ።»

አህያው ወደ ኤሊ ጎንበስ አለ። «እህቴ፣ ይህን ሁሉ ቀን እዚህ ነበርሽ? ምነው አንድ ቃል ሳትናገሪ?»

«ወሬው ደስ ብሎኝ» አለች ኤሊ በቀስታ። «ደግሞ ለመናገር አስቤ ነበር፤ አፌን እስክከፍት አንተ ወደ ሌላ ወሬ ታልፋለህ።»

ከዚያ ወዲህ አህያው ድንጋይ አልቆጠረም። ለፍየል ቅጠል፣ ለዝንጀሮ ሳቅ፣ ለጃርትም በየቀኑ አንድ ስህተት እያዘጋጀ ይኖር ጀመር። ኤሊ ፊት ሲደርስ ደግሞ አፏን እስክትከፍት ይጠብቃታል፤ ስለዚህ ጉባኤው ረዘም ይላል። ማዶ ያለችው እመት ቀበሮም በዚያው ሳምንት «ጅብን በአርባ ድንጋይ ያባረርኩ ዕለት» የሚል አዲስ ወሬ አውጥታ አገሩን ሁሉ አስደምማለች አሉ።

ከዚህ የምንማረው፣ ተከታይ የሚሻ ሁሉ ስንት እንደመጡ ከመቁጠሩ በፊት እያንዳንዱ ምን ፈልጎ እንደመጣ ማወቅ እንዳለበት ነው፤ ያጨበጨበ ሁሉ ወዳጅ፣ ዝም ያለም ሁሉ ድንጋይ አይደለምና።