ከእሳቱ ፊት ዞር ያለችው ጋዜጠኛ

አንዲት ትርሲት የምትባል ወጣት በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ትሠራ ነበር። ድምፅዋ ያማረ፣ አነጋገሯም የሚጥም ነው። ይሁን እንጂ ለዓመታት የሌሎችን ዜና ስታርም ቆየች። አንድ ቀን ዋና አዘጋጁ ጠራትና «አፋር በረሃ ስላለው እሳተ ገሞራ ዘገባ ሠርተሽ አምጪ። ካማረልሽ የጉዞ ፕሮግራሙ አቅራቢ አንቺ ነሽ» አላት።

ትርሲት የምትናገረውን በቃሏ አጠናች፤ መስታወት ፊት ቆማም ደጋግማ ተለማመደች።

ከካሜራ ባለሙያው ከጋሽ ደርበው ጋር ጥቁሩን ድንጋይ እየረገጡ ተራራውን ወጡ። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ጋሽ ደርበው ካሜራቸውን ተከሉ። እሷም ማይክሮፎኗን ይዛ፣ ጀርባዋን ለእሳቱ ሰጥታ ቆመች።

«ጀምሪ» አሏት።

አፏን ስትከፍት ምድር ከኋላዋ ያጓራች መሰላት። ዞር ብላ አየች። ከገደሉ ሥር የቀለጠ ድንጋይ እንደ ባሕር ይናወጣል። ጥቁሩ ቅርፊት ይሰነጠቃል፤ ከስንጥቁ ቀይ ብርሃን ይፈልቃል፤ ከዚያ ያ ሁሉ ተመልሶ ይሰምጣል። ትርሲት ዓይኗ እያየ ምድር ገና እየተሠራች ነበር። ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት። እንባዋ መጣ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላወቀችም።

«ጋሽ ደርበው፣ እኔ እዚህ ከቆምኩ እሳቱን እጋርደዋለሁ» አለች።

«ልጄ፣ አለቃሽ ፊትሽን ካላየ ፕሮግራሙን ለሌላ ሰው ነው የሚሰጠው። ተመልሰን ደግሞ አንመጣም።»

«አውቃለሁ።»

ከካሜራው ፊት ዞር አለች። ማይክሮፎኑን ወደ ገደሉ ዘርግታ ክንዷ እስኪዝል ያዘችው። ጋሽ ደርበውም ትንፍሽ ሳይሉ ቀረጹ።

ዋና አዘጋጁ ቀረጻውን ሲያይ ተቆጣ። «አንቺ የታለሽ? ሰው የሌለበትን ነገር ማን ቁጭ ብሎ ያያል?» አለ። ለእሑድ የሚያስተላልፈው ሌላ ሥራ ስላልነበረው ግን ሳይወድ አስተላለፈው።

ፕሮግራሙ እንዳለቀ እናቷ ደወሉ። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው ኖሯል።

«እማዬ፣ አሳፈርኩሽ አይደል?» አለች ትርሲት።

እናቷም «ሰው ሁሉ አንቺን ሊያይ ነበር የመጣው» አሉ። «እሳቱ ሲመጣ ልጆቹ እንኳ ጸጥ አሉ። አንዷ ጎረቤታችን ብድግ ብላ አማተበች። ካለቀም በኋላ ስለ አንቺ የጠየቀኝ የለም። እውነቱን ልንገርሽ? እኔም ረስቼሽ ነበር።»

ትርሲት ስልኩን እንደያዘች አለቀሰች። እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምታ አታውቅም ነበር።

የአቅራቢነቱ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እሷ ዘጋቢ ፊልም ወደ መሥራቱ ገባች። ዛሬ መንገድ ላይ አይቶ የሚለያት ሰው ጥቂት ነው። ሥራዋ ሲታይ ግን ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይላል።

በራዲዮም፣ በቴሌቪዥንም፣ በፊልምም መሥራት የሚመኝ ብዙ ሰው መታየትን ያስባል። ሙያው የሚጀምረው ግን ማሳየት ሲጀመር ነው። ማይክሮፎንና ካሜራ የሚሰጠን ሌላው ያልሰማውን እንድናሰማ፣ ያላየውን እንድናሳይ ነው። ለዚህ ደግሞ አንዳንዴ ዞር ማለት ያስፈልጋል።

እርስዎስ ከፊቱ ቆመው የጋረዱት ነገር ምን ይሆን?