ድንቢጧና የዋርካው ድርሻ

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ከሰጣችሁኝ ልጀምር።

አንዲት ዘፋኝ ድንቢጥ ነበረች። ቁጥቋጦ ውስጥ ሆና ስትዘፍን የሚሰማት ስላልነበረ፣ እመት ጦጢት ትልቁን ዋርካዋን ፈቀደችላት።

«አድማጭ ከሚሰጥሽ አሥር የማሽላ ፍሬ ሦስቱ የዋርካው ነው። ጎጆሽን ለአድማጭ ካሳየሽ ግን ዳግመኛ ዋርካዬ ላይ አትወጪም» አለቻት።

ድንቢጥ ከልቧ አመሰገነች፤ አገር ምድሩ የሰማት በዋርካው ነውና። በየቀኑ አሥር ፍሬ ታገኛለች፤ ሰባቱን ለሰባት ጫጩቶቿ አጉርሳ፣ እሷ «ጠግቤአለሁ» ብላ ትተኛለች።

አንድ ማለዳ ለጫጩቶቿ ስትዘፍን አባ ኤሊ ቁጥቋጦው ሥር ብቅ አሉ። ድንቢጥ ክው አለች።

«አባ ኤሊ፣ እኔ ጎጆዬን ለማንም አላሳየሁም! ማን ነገረዎት?»

«ማንም አልነገረኝም፣ ልጄ። እኔ ዋርካው ሥር እስክደርስ ሁልጊዜ ዘፈንሽ ያልቃል። ዛሬ መንገድ ላይ ድምፅሽን ሰማሁና ተከትዬው መጣሁ» አሉና አሥር የማሽላ ፍሬ ከጉያቸው አውጥተው ሰጧት።

ድንቢጥ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ» ብላ እንደ ልማዷ ሦስቱን ለብቻ አስቀመጠች።

«እነዚህስ የማን ናቸው?» አሉ አባ ኤሊ።

«የዋርካው።»

አባ ኤሊ አንገታቸውን አስግገው ዙሪያውን ቃኙ። «የታለ ዋርካው?»

ድንቢጥም ቀና ብላ አየች። ከቁጥቋጦውና ከሰማዩ በቀር ምንም የለም። ሰባቱን ለጫጩቶቿ አጎረሰች፤ ሦስቱን ቀስ ብላ ወደ አፏ ወሰደች።

ትንሿ ጫጩት ዓይኗን አፈጠጠች። «እማዬ፣ ለካ አንቺም ትበያለሽ?»

ስለሰማችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ እፍኝ ጥሬ ያለው አይንፈገኝ።