ቢሻው ለምን ሳለ?

አንድ ቀን የሰኞ ገበያ ከተማ ገዥ ፊታውራሪ አንዳርጌ አዋጅ አስነገሩ፤ «ያለ እኔ ማኅተም አንድ ቁና እህል ከኬላው እንዳያልፍ! በአዋጄ ላይ የሚናገርም ምላሱን ይጠብቅ!» ማኅተሙ በፊታውራሪ ኪስ፣ ፊታውራሪ ደግሞ በየግብዣው። ከኬላው ማዶ ስንዴው ዝናብ ሲመታው ይከርማል፤ ከወዲህ ከተማው ጦሙን ያድራል። ሰው ግን ምላሱን ስለሚወድ ዝም አለ።

ቢሻው የሚባል ሰዓሊ ነበር፤ ጣውላ ላይ ሥዕል ቀርጾ፣ ጥላሸት ቀብቶ፣ ወረቀት ላይ እያተመ የሚሸጥ። እሱም ዝም አለ፤ እጁ ግን እንቢ አለው። በሳምንቱ ገበያው ውስጥ አንድ ሥዕል ተበተነ። አህያ ኬላ ላይ ቆማለች፤ ከመቆሟ ብዛት የጫነችው ስንዴ እጆንያው ውስጥ በቅሎ አሽቷል፤ አንድ ሆዳም ሹም ደግሞ ማጭድ ይዞ እጀርባዋ ላይ ያጭዳል። ገበያተኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ፊታውራሪ አልሳቁም። ቢሻውን አስጎትተው ችሎት አቆሙት፤ ሕዝቡም ተከትሎ ግቢውን ሞላው።

«ይሄ ሆዱ የተነፋው ማነው?»

«እኔ ስም አልጻፍኩበትም፣ ጌታዬ።»

«ነገር አታርዝምብኝ! ሳልክ ወይስ አልሳልክም? ከሳልክ ወህኒ ትወርዳለህ፤ ከዋሸህ ሠላሳ ትገረፋለህ!»

ሚስቱ ዘርትሁን ከሕዝቡ መሀል ነጠላዋን ነከሰች። ምስኪን፣ ከሁለቱ የቱን ትመርጥለት?

«ሳልኩ፣ ጌታዬ» አለ ቢሻው እጅ ነስቶ።

«አመነ! ጻፍ!» አሉ ፊታውራሪ ወደ ጸሐፊው ዞረው። «ለመሆኑ ለምን ሳልክ?»

«ምን ላድርግ ጌታዬ፣ ኬላ እኮ የአገር ጉሮሮ ነው። እህል ጉሮሮ ላይ ሲቆም የማይስል ማን አለ?»

ጸሐፊው በንጉሡ «ሠ» ይጻፈው በእሳቱ «ሰ» ግራ ገብቶት ብዕሩን እንዳንጠለጠለ ቀረ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «እህ!» አሉ። ጎረቤታቸው ተቀበላቸው፤ ወዲያው ግቢው በሙሉ ሳለ። ያን ሁሉ ሰው የሚችል ወህኒ ከየት ይምጣ? ፊታውራሪም ዙሪያቸውን አዩና ጉሮሯቸውን ጠርገው፣

«በሉ ኬላው ይከፈት!» አሉ።